የአደራ ሸክላ

አስናቀ ምቀኛ ሰው አልነበረም። ይህን የሚለው ራሱ አስናቀ ነው። ደግሞም ሐሰት አይደለም፤ ጎረቤቱ ቆርቆሮ ቤት ሲሠራ ምስማር ያቀበለው እሱ ነው፤ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የኤሌክትሪክ ክፍል የሥራ ባልደረባው ዕድገት ሲያገኝ ከልቡ ስቆ እጁን ጨብጦታል። ቅናቱን ለዚህም ለዚያም አላባከነም። አጠራቅሞ አጠራቅሞ ያስቀመጠው ለአንድ ሰው ነው፤ ለአምሐ። ከአምሐም ንብረት ለአንድ ነገር፤ ለአንድ የሙዚቃ ሸክላ።

ሸክላው በፈረንጅ አቆጣጠር በስድሳዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ የታተመ ነው። «ግላስ ፌሪ»፣ በእኛ ቋንቋ የመስታወት ጀልባ የሚባሉ ልጆች አንድ ሎንግ ፕሌይ አውጥተው ወዲያው ተበትነዋል፤ የታተመውም ጥቂት ነበር ይባላል። ዓይነቱ ሳይኬዴሊክ ሮክ የሚሉት ነው። ጊታሩ ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስላል፤ ኦርጋኑ ከሩቅ ተነሥቶ ክፍሉን ይሞላና ተመልሶ ይሄዳል፤ ዘፋኙ ሕልም እያየ የሚያወራ ሰው ነው። ሽፋኑ ላይ ክንፍ ያላቸው ዓይኖች ተሥለዋል። የአስናቀ ሚስት አገርነሽ መጀመሪያ ባየችው ቀን «ኪሩቤል ናቸው?» ብላ ልትሳለመው ዳድቷት ነበር።

እንዲህ ያለውን ሙዚቃ እያሳደደ የሚሰበስብ ሰው በባሕር ዳር ሁለት ብቻ ነበር። ሁለቱ ባይተዋወቁ ኖሮ ሁለቱም በሰላም በኖሩ ነበር።

አምሐ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ፊዚክስ ሊያስተምር ተመድቦ የመጣ። ሱሪው ከታች ሰፊ፣ ጎፈሬው ከላይ ሰፊ፣ ሳቁ ከሁለቱም የሰፋ። አስናቀ የዱርቤቴ ልጅ ነው፤ ሱሪውም ሳቁም በልክ የተሰፋ። አምሐ ነገር ሁሉ ሳይለፋ እጁ ይገባለታል። አስናቀ ግን ለፍቶም ሁሌ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ግላስ ፌሪንም ያጣው እንዲሁ ነው።

ሸክላው የሰላም ጓድ አስተማሪ የነበረው የሚስተር ኬኔት ንብረት ነበር። የዚያን ፈረንጅ ማጫወቻ በተበላሸ ቁጥር የሚጠግነው አስናቀ ነው፤ ዋጋ ጠይቆ አያውቅም፤ ዋጋው ያንን ሸክላ አንዴ መስማት ነበር። አሜሪካኖቹ አገር ለቀው እንዲወጡ ሲታዘዙ ኬኔት «ቅዳሜ ከሰዓት ኑ፤ ዕቃዬን ላከፋፍል» አለ። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ የውይይት ክበብ ነው፤ መቅረት ያስጠይቃል። አስናቀ አልቀረም። ስለ ትርፍ እሴት ሲያዳምጥ ዋለ። አምሐ ከራሱ መሥሪያ ቤት ውይይት «ሆዴን ቆረጠኝ» ብሎ ወጥቶ ግላስ ፌሪን ታቅፎ ሄደ። አስናቀ ብስክሌቱን እያበረረ ሲደርስ ቤቱ ባዶ ነው። ኬኔት አፍሮ መሳቢያውን ሲፈታትሽ ከቆየ በኋላ አንዲት አዲስ የማጫወቻ የአልማዝ መርፌ አውጥቶ ሰጠው።

እግዜር ሲቀልድ እንዲህ ነው። ለአንዱ ሸክላውን፣ ለሌላው መርፌውን። አምሐ ዘንድ ያለው መርፌ አርጅቶ ሸክላ የሚያርስ ማረሻ ሆኗል፤ በዚያ ማጫወት ሸክላውን መግደል ነው። ስለዚህ እሁድ እሁድ ከምሳ በኋላ አምሐ ግላስ ፌሪን በብስክሌቱ ላይ አስሮ አስናቀ ቤት ይመጣል። መስኮት ይዘጋል፤ የኢምፔሪያሊስት ሙዚቃ ያስጨፍራሉ እንዳይባሉ ድምፁ ይቀነሳል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሰማሉ። የሚሰማው እንኳ አስናቀ ነው። አምሐ ያወራል፣ ይስቃል፣ በጣቱ ጠረጴዛ ይደበድባል። ሲያልቅ ሸክላውን አንሥቶ በሹራቡ እጅጌ ይወለውለዋል።

በሹራብ እጅጌ! አስናቀ የራሱን ሸክላዎች በታጠበ ነጠላ ጫፍ ካልሆነ የማይነካ፣ አልጋ ሥር በሣጥን ቆልፎ ቁልፉን ከኪሱ የማይለይ፣ ለሚስቱ እንኳ አሳይቶ የማያውቅ ሰው ነው። ያ እጅጌ በሸክላው ላይ ሲዞር የሚፈገፈገው የገዛ ቆዳው ይመስለዋል። «ዝናብ መጥቷል፤ ሸክላው እዚህ ይደር» ይላል። በሌላው እሁድ፣ «ፍሬንህ ደኅና አይደለም፤ መንገድ ላይ ትጥለዋለህ፤ እዚህ ይደር» ይላል። ከጅብ ጅማት የተሠራ ክራር ቅኝቱ እንብላው እንብላው ነው እንዲሉ፣ አስናቀ በምንም ይጀምር በምን፣ መጨረሻው «እዚህ ይደር» ነበር። አምሐ ይስቅና ሸክላውን ብስክሌቱ ላይ አስሮ ይሄዳል።

በሰባ አንድ ክረምት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታወጀና አምሐ ቁንዝላ ደረሰው። በጀልባ ሐይቁን ሊሻገር አንድ ቀን ሲቀረው ሸክላዎቹን በሙሉ በካርቶን ይዞ ከተፍ አለ።

«የተከራየሁት ቤት ያፈሳል» አለ። «እስክመለስ አደራ።»

ካርቶኑን በሁለት እጇ የተቀበለችው አገርነሽ ናት። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» አለች። የመሪጌታ ልጅ ናት፤ ይህን ስትል ለወጉ ብላ አይደለም።

አምሐ የአስናቀን ትከሻ መታ አደረገ። «ግላስ ፌሪንም እንደ ልብህ ስማው። መርፌው ያንተ አይደል?»

አስናቀን ከሁሉ የበለጠ ያቃጠለው ይህ ነው። ንፉግ ቢሆን ኖሮ መቅናት ይቀል ነበር። ሰውዬው ግን ስንት ዘመን የተለመነውን አሁን እንደ ቆሎ ዘግኖ ሰጠው፤ የሰጠውም ምን እንደ ሰጠ ሳያውቅ ነው።

ክረምቱን ሙሉ ከፋብሪካ ሲመለስ ልብሱን ሳይቀይር ማጫወቻው ላይ ይሰየማል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጎረቤት አይሰማምና ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ያ ሸክላ ያለ አምሐ ወሬ ሲሰማ ሌላ ነገር ሆኖ ተገኘ። በሁለተኛው ገጽ መካከል ዘፋኙ ሊስቅ ይልና ራሱን የሚይዝባት ቦታ አለች፤ ትንፋሽ ብቻ ነው የምትሰማው። አምሐ ይህችን ትንፋሽ አንድ ቀን እንኳ ሰምቷት እንደማያውቅ አስናቀ ሲያስብ ደስታም ንዴትም ያዘው። የማን ነው ታዲያ ይህ ሸክላ? የሚያውቀው ሰው ነው ወይስ በሹራብ የሚወለውለው? ሳይታወቀው በልቡ «የኔ» ማለት ጀመረ። የአምሐን ሞት አልተመኘም፤ እግዜርን ይፈራል። የተመኘው ዝውውሩን ነው። እዚያው ቁንዝላ ያስቀሩት፣ ወይ ደግሞ ወደ ሩቅ ክፍለ ሀገር ይመድቡት፣ ሸክላውም ተረስቶ እዚህ ይቅር።

በመስከረም አዘዘ መጣ። አዘዘ በቁንዝላ ጀልባ ላይ የሚሠራ፣ ከጭነቱ ይልቅ ወሬ የሚያመላልስ ሰው ነው።

«አምሐ እንዴት ነው?» አለው አስናቀ።

«ዘመቻው ተስማምቶታል! ፀሐይወርቅ የምትባል መምህርት አብራው ዘምታለች። ሊጋቡ ነው አሉ። ሲያወራላት የሚውለው ስለ አንድ ሸክላ ነው፤ ለሠርጋችን ስጦታሽ እሱ ነው ብሏታል።»

አስናቀ፣ «ማጫወቻ አላት?» ሲል ጠየቀ።

«ኧረ የሰው ያለህ! ስለ ሴት ሳወራህ ስለ ማጫወቻ ትጠይቀኛለህ?» ብሎ አዘዘ በሳቅ ፈረሰ።

አስናቀ ግን አልሳቀም። ስንት ዘመን ተመኝቶ ያላገኘውን አንዲት መርፌ እንኳ የሌላት ሴት በአንድ ክረምት ልትወስደው ነው። ግድግዳ ላይ ትሰቅለው ይሆናል። እሁድ ከሰዓትም አለቀ ማለት ነው፤ እሱ ይቀመጥበት ከነበረው ከአምሐ ጎን የምትቀመጠው እሷ ናት። የቱ እንደሚያንገበግበው ለራሱም ተለይቶ አልታወቀውም፤ ሸክላው ይሁን ወይስ ወንበሩ። ያን ሰሞን እህል አልቀመስ አለው።

መስቀል አልፎ ሰማዩ በጠራ በሳምንቱ አገርነሽ ቤቱን ገለባብጣ ወደ ውጭ አወጣችው። ፍራሹን፣ ጋቢውን፣ ሰሌኑን። ከዚያ የአደራውን ካርቶን ከፈተችና ደነገጠች፤ የክረምቱ ርጥበት ገብቶ ሽፋኖቹ ሻጋታ አውጥተዋል። የሰው አደራ ሻግቶ ሊመለስ! አባቷ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ዘጌ ላይ ክረምት በወጣ ቁጥር የብራና መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ገልጠው ፀሐይ ያስመቱ ነበር። «መጽሐፍም እንደ ሰው ፀሐይ ይናፍቃል» ይሏት ነበር። እሷም እንደ አባቷ አደረገች። ሽፋኖቹን በደረቅ ጨርቅ ጠርጋ፣ ሸክላዎቹን ከሽፋናቸው አውጥታ፣ በግቢው በተነጠፈው ሰሌን ላይ በጥንቃቄ ደረደረቻቸው። የባሏንም ባሰጣች ነበር፤ ሣጥኑ ግን እንደ ልማዱ ተቆልፏል።

አስናቀ ብስክሌቱን እየገፋ ወደ ሥራ ሲወጣ አያቸው።

ቆመ። ግላስ ፌሪ በግቢው ፓፓያ ዛፍ ጥላ ሥር ነበረ፤ ጥላው ግን እየሸሸ ነው። ሸክላ በፀሐይ ምን እንደሚሆን ከሱ የበለጠ የሚያውቅ በከተማው የለም። «አገርነሽ፣ አስገቢው» ማለት ብቻ ነው። ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ጎንበስ ብሎ በእጁ ቢያነሣውም ይበቃ ነበር። እሷ ከውስጥ፣ «እስካሁን አልሄድህም? ሰዓት ሄደብህ እኮ!» አለችው። የብስክሌቱን ደወል አንዴ ደወለና ሄደ።

በሐይቁ ዳር ባለው መንገድ እየነዳ ወደ ሰማይ ያይ ነበር። ደመና ከመጣ ሸክላው ይተርፋል፤ ካልመጣ የእግዜር ፈቃድ ነው ሲል ከራሱ ጋር ተዋዋለ። የገዛ ሥራን ለእግዜር ማሸከም የቆየ ብልሃት ነው። ሰማዩ ግን እንደ ታጠበ ሳህን ጠርቶ፣ ጣና ላይ ፀሐይዋ ዓይን ትወጋለች። ፋብሪካ ገብቶ ሽቦ ሲፈታ ሲያስር ቆየ፤ ከዚያ አላስችል አለው። የምሳ ደወል እስኪደወል እንኳ አልጠበቀም።

ሲደርስ የግላስ ፌሪ ጠርዝ እንደ ጎመን ቅጠል ተጠቅልሏል። ሌሎቹም እንደዚያው። መጀመሪያ የተሰማው ነገር ደስታ ነው። እውነቱ ይነገር፤ ደስታ ነው። አሁን ማንም አይወስደውም። ከዚያ በኋላ ሰሌኑ ላይ ተቀመጠ።

አገርነሽ ወጥታ ፊቱን አየች። «ምን ሆንህ?»

«ፀሐይ ሸክላ ያቀልጣል» አላት።

ለጊዜው አልገባትም። ሲገባት ደረቷን ደቃች። «ወይኔ! ወይኔ! አደራ በላሁ! እኔ እንደ መጽሐፍ ነው እኮ የመሰለኝ! ምነው አንድ ቀን እንኳ ብትነግረኝ!»

«አልነገርሁሽም» አለ አስናቀ። ይህ እውነት ነው፤ ከእውነቱም የተናገረው ይህችኑ ብቻ ነው።

ያን ሸክላ ለማቃናት ያልሞከረው የለም። በሁለት የመስኮት መስታወት መካከል አድርጎ የወፍጮውን መጅ ጫነበት። መጁ ሲነሣ ሸክላው ተመልሶ ይንጋደዳል። ማጫወቻው ላይ ቢያደርገው መርፌዋ እንደ ፌንጣ እየዘለለች አንዲት ቃል አልያዝ አለች። አገርነሽ በበኩሏ ከሳች። ለመጣው ጎረቤት ሁሉ ሳትጠየቅ «አደራ በላሁ» እያለች ታለቅሳለች፤ በመሪጌታ ቤት ከዚህ የከፋ ስም የለም። አስናቀ በክፍሉ ሆኖ ይሰማታል። ዛሬ እነግራታለሁ ይላል፤ ሲመሽ ነገ ይላል። እሷ ያጠፋችው በስሕተት ነው፤ ሰው ስሕተትን ይቅር ይላል። የሱ ግን ስሙ ሌላ ነው።

ጥቅምት ገብቶ አንድ እሁድ ከሰዓት የቁንዝላ ጀልባ ዘማቾቹን ይዞ መጣ። አምሐ ወደ ቤቱ አልሄደም፤ ከወደቡ በቀጥታ አስናቀ ቤት ነው የመጣው። ጠቁሯል፣ ጎፈሬው አቧራ ጠጥቷል፣ ሳቁ ግን እንዳለ ነው። ከጎኑ አጠር ያለች፣ ዓይኗ የሚያበራ ሴት አለች። አስናቀ በሩ ላይ ቆሞ ሲያያቸው አሁንም፣ ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላም፣ እጇ የአምሐን ክንድ መያዙ አንጀቱን አሳረረው።

ሰላም ሳይባባሉ አገርነሽ ከጓዳ ወጣች። ያንኑ መጅ ማጅራቷ ላይ ተሸክማ፣ ጎንብሳ መጣችና አምሐ እግር ሥር ተንበረከከች።

«አምሐ ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ። አደራህን በላሁ።»

«ኧረ እትዬ አገርነሽ! ምን ሆነሻል? ሰው ሞተ እንዴ?» ብሎ አምሐ ድንጋዩን ሊያነሣ ተጣደፈ። እሷ አላስነካ አለች።

«ሳትሰማኝ አይወርድም። ሸክላዎችህ ሻግተው አየሁና ፀሐይ አሰጣኋቸው። ቀለጡ።»

የአምሐ እጅ አየር ላይ ቀረ። «በሙሉ?»

«በሙሉ።»

«ግላስ ፌሪም?»

ስሙን አታውቀውም። «ባለ ዓይኖቹም» አለች።

አምሐ ዓይኑ እንባ ሞላና ፊቱን ወደ ፓፓያው ዞር አደረገ። ሲመለስ ድምፁ ቀጥኗል። «ሸክላ ነው እኮ። ለደግ ብለሽ ነው ያደረግሽው። ይቅር ብዬሻለሁ።»

ሴቲቱ አስናቀን ስታየው ቆይታ፣ «አስናቀ አንተ ነህ?» አለችው። «ክረምቱን ስለ አንተ ስሰማ ነው የከረምሁት። እኔ ማጫወቻ የለኝ፣ ሸክላ ምን ያደርግልኛል ስለው፣ ‹ከነመርፌው ከነአስናቀው ነው የምሰጥሽ› ይለኛል። እሁድ እሁድ ሦስት ሆነን ልንሰማ ነበር። ሊዘፍንልኝ ሞክሮ ሁለተኛው ገጽ ላይ ይጠፋበታል። ‹አስናቀ ነው የሚያውቀው› ይላል።»

አስናቀ ወደ መሬት ሲያይ የሚስቱን አንገት አየ፤ ሻካራው ድንጋይ ቆዳዋን ልጦታል። ጎንበስ ብሎ መጁን ከማጅራቷ አነሣ። ሁሉም አነሣላት ብለው አሰቡ። እሱ ግን በራሱ ማጅራት ላይ አደረገውና እሷ ከተንበረከከችበት ጎን ተንበረከከ።

«አይቻቸዋለሁ» አለ። «ጠዋት ስወጣ ሰሌኑ ላይ አይቻቸዋለሁ። እንደሚቀልጡ አውቃለሁ። ደወሌን ደውዬ ሄድሁ።»



«ለምን?» አለ አምሐ።

«ቀናሁ።»

አገርነሽ ቀስ ብላ ተነሣች። የጉልበቷን አቧራ አራገፈች። «ይህን ሁሉ ቀን አደራ በላሁ እያልሁ ሳለቅስ ትሰማኝ ነበር» አለችው። ፊቷን ሳታዞር ቤት ገባች። አስናቀ ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ረስቷል፤ ይህን አነጋገሯን ግን አልረሳም።

አምሐ አጠገቡ መጥቶ ቆመ። ድንጋዩን ለማንሣትም ለመምታትም የሚችል እጁን ወደ ታች አንጠልጥሏል።

«ሁለተኛውን ገጽ ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ።»

«በሙሉ?»

«በሙሉ።»

«እንግዲያው አሰማት።»

አስናቀ ለሰው ዘፍኖ አያውቅም፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ እልልታ ሲባል አፉን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ሰው ነው። አሁን ተንበርክኮ፣ አንገቱን ድንጋይ ተጭኖት ጀመረ። ቃሉን እንግሊዝኛው እንደ መጣለት፣ ጊታሩን በአፍንጫው፣ ኦርጋኑን ከሆዱ። መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ሸክላው ራሱ ያዘውና ወሰደው። አንድም ቦታ አልሳተም። ዘፋኙ ሊስቅ ሲል ራሱን የሚይዝባት ቦታ ሲደርስ እሱም ቆመ፤ ትንፋሹን ብቻ አሰማ።

«ይቺ አለች እንዴ?» አለ አምሐ በሹክሹክታ። «እኔ አልሰማኋትም።» ፊቱ ላይ አስናቀ ለዘመናት በመስታወት ሲያየው የኖረው ቅናት ታየ፤ ያንን መልክ ከማንም በፊት ያወቀው ደግሞ አስናቀ ነው። የተመኘው ሁሉ ሆኖለታል። ሸክላው ከእንግዲህ ያለው እሱ ዘንድ ብቻ ነው፤ የትም ቦታ ሊያስቀምጠው፣ ለማንም ሊመልሰው አይችልም።

አምሐ እጁን ዘርግቶ ድንጋዩ ላይ አሳረፈ። ገጹ ተዘፍኖ እስኪያልቅ ድረስ ግን ከማጅራቱ አላነሣለትም።